ኮምፒውተር የጻፍነውን እንጂ ያሰብነውን አያውቅም

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴያችን ስለ ኮምፒውተር እንድናገር ሲጠይቀኝ «እኔ የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም» ብዬ ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከኮሌጅ በዲፕሎማ ከወጣሁ ጀምሮ እንጀራዬ ከደብተርና ከኮምፒውተር ጋር ነው። ኮሚቴው ግን «የፈለግንሽ ለዚሁ ነው» አለኝ። ከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ጀምሮ የቁጠባና የብድር መዝገባችን ከደብተር ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ደግሞ ለልጆች ትምህርት ብለን ያገለገለ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ገዝተን ቤት አስቀምጠናል። ስለዚህ የምናገረው ስለ ሁለቱም ነው፤ ስለ ቤታችንም፣ ስለ ሣጥናችንም።

ኮምፒውተር ሲያስቸግረን ብዙ ጊዜ የምንለው አንድም «ተበላሽቷል» ነው፣ አንድም «እኔ አልገባኝም፣ ልጄ ይምጣ» ነው። በሥራዬ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ከሚያስቸግሩን ነገሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ማሽኑ የጻፍነውን ብቻ ስለሚያነብ ነው። ያሰብነውን አያውቅም። የእኛን ዘመን አቆጣጠር አያውቅም። ፀሐይና ጸሀይ አንድ ሰው መሆኗን አያውቅም። ይህን ከተረዳን ግማሹን ችግር ያለ ማንም እርዳታ እንፈታዋለን። ካልተረዳን ግን የሰው ገንዘብ ሊዛባ ይችላል።

ከሰዓቱ ልጀምር። አንዲት እህታችን ፈቅዳልኝ የነገረችኝን ልንገራችሁ። ቤቷ ያለው ዴስክቶፕ ማታ ተነቅሎ አድሮ ጠዋት ሲከፈት ቀኑ ከብዙ ዓመት በፊት ወዳለ ቀን ይመለሳል። ኢንተርኔት ስትከፍት «ይህ ገጽ አስተማማኝ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣባታል። ጥገና ቤት ወሰደችው። «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት መደረግ አለበት» ተባለች፤ ከፈለች። ሳምንት ሳይሞላው ያው ችግር ተመለሰ። በመሃል ግን የልጆቿ ፎቶ ሁሉ ጠፍቶ ነበር።

የችግሩ ምክንያት አንዲት ሳንቲም የምታክል ባትሪ ነበረች። በዴስክቶፕ ውስጥ ክብ፣ ጠፍጣፋ ባትሪ አለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ላይዋ ላይ 2032 የሚል ቁጥር ይገኛል። ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲነቀል ሰዓቱን የምታቆየው እሷ ናት። ከተወሰኑ ዓመታት በኋላ ትደክማለች። ስትደክም ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ድረ ገጾች ደግሞ እንደ መታወቂያ ያለ ማረጋገጫ አላቸው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል። የእኛ ኮምፒውተር «ዛሬ» ብሎ የያዘው ቀን ከዚያ ውጭ ከሆነ መታወቂያውን አልቀበልም ይላል። ማንም ሰርጎ አልገባም፤ ቀኑ ነው የተሳሳተው።

ይህ ነገር በእኛ አገር ሌላ መልክም አለው። አንዳንዶቻችን የኮምፒውተሩን ቀን ስናስተካክል የእኛን ዓመት እንሞላለን። የእኛ ዓመት ከፈረንጁ በ7 ወይም በ8 ያንሳል። ስለዚህ ማሽኑ ከ7 ዓመት በፊት ያለ ይመስለዋል፤ የድረ ገጾቹን መታወቂያ ሲያይ «ይህ ገና አልተሰጠም» ብሎ ይመልሳል። የኮምፒውተሩን ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር ሙሉት። የእኛን ቀን በመዝገባችን ውስጥ እንጽፈዋለን። እሱንም እንዴት እንደምንጽፈው አሁን እነግራችኋለሁ፤ ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነውና።

መዝገባችን የሚገባው ኤክሴል በሚባለው ፕሮግራም ነው። ኤክሴል መደመርና መቀነስ ላይ የሚያክለው የለም። ቀን ከቀን ቀንሶ ብድሩ ስንት ቀን እንደቆየ ይነግረናል። ነገር ግን ቀን ስንጽፍለት የሚያነበው እንደ ፈረንጅ ቀን ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት አባል ነሐሴ 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ተበደረች፤ መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም. መለሰች እንበል። በጣታችን እንቁጠር። ከነሐሴ 10 እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 20 ቀን። ጳጉሜን 5 ቀን። መስከረም 10 ቀን። በጠቅላላው 35 ቀን።

አሁን 10/12/2016 እና 10/1/2017 ብለን ኤክሴል ላይ እንጻፍና አንዱን ከሌላው ይቀንስ። ቀን በፊት፣ ወር በኋላ እንዲያነብ የተስተካከለ ኮምፒውተር ከዲሴምበር 10 እስከ ጃንዋሪ 10 ቆጥሮ 31 ይለናል። ጳጉሜን የት ሄደች? እሱ ጳጉሜን የሚባል ወር አያውቅም። በአሜሪካ አጻጻፍ የተስተካከለ ኮምፒውተር ደግሞ ወርን በፊት፣ ቀንን በኋላ ስለሚያነብ ከኦክቶበር 12 እስከ ኦክቶበር 1 ይቆጥርና 354 ቀን ይላል።

ብድሩ በ30 ቀን የሚመለስ ቢሆንና ለዘገየው ለእያንዳንዱ ቀን 5 ብር ቅጣት ቢኖር፣ እህታችን መክፈል ያለባት የ5 ቀን፣ 25 ብር ነው። አንደኛው ኮምፒውተር 5 ብር ክፈይ ይላታል። ሌላኛው 1,620 ብር ክፈይ ይላታል። ሁለቱም ስህተት ሠራሁ አይሉም፤ ቁጥሩን አሳምረው ያወጡታል። ኮምፒውተር ያወጣው ነው ከተባለ ደግሞ ማን ይከራከራል? ለዚህ ነው ዛሬ ይህን ሁሉ የማወራው።

ጥቅምት 30ን ብንጽፍ ደግሞ ሌላ ይመጣል። 30/2/2016 ስንል እሱ ፌብሩዋሪ 30 ብሎ ያነበዋል፤ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ስለዚህ ቀን መሆኑን ትቶ እንደ ተራ ጽሑፍ ያስቀምጠዋል። ይህን የምታውቁበት ቀላል ምልክት አለ። ማንም ካልነካካው በስተቀር ኤክሴል ቁጥርና ቀንን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍን ወደ ግራ ያስጠጋል። በአንድ ዓምድ ላይ ሁሉም ወደ ቀኝ ተጠግቶ አንዱ ብቻ ወደ ግራ ከቀረ፣ እዚያ ላይ ቆም በሉ።

ይኸው ምልክት በገንዘቡም ያገለግላል። በሣጥኑ ውስጥ 50 ብላችሁ ብትጽፉ ቁጥር ነው። «50 ብር» ብላችሁ ብትጽፉ ግን ለኤክሴል ጽሑፍ ይሆናል፤ ሲደምር ዘሎት ያልፋል፣ ዘለልኩትም አይልም። ብር የሚለው ቃል ከላይ በዓምዱ ርዕስ ላይ አንድ ጊዜ ይጻፍ። ከታች ቁጥር ብቻ ይሁን።

ለቀኑ ያገኘሁት መላ ይህ ነው። ቀኑን በአንድ ሣጥን ውስጥ አንጽፍም። 3 ዓምድ እናደርጋለን፤ አንዱ ለቀን፣ አንዱ ለወር፣ አንዱ ለዓመት። ሦስቱም ተራ ቁጥር ስለሆኑ ማሽኑ የሚያዛባው ነገር የለም። የእኛ አቆጣጠር ደግሞ ለሒሳብ እጅግ የተመቸ ነው። 12ቱ ወሮች እኩል 30፣ 30 ቀን ናቸው፤ ጳጉሜን 5 ቀን፣ በ4 ዓመት አንዴ 6 ቀን ትሆናለች። ስለዚህ ዓመቱን በ365 እናባዛለን። ዓመቱን ለ4 እናካፍልና ሙሉ ቁጥሩን ብቻ ወስደን፣ ክፍልፋዩን ትተን እንደምራለን። ወሩን በ30 አባዝተን እንደምራለን። በመጨረሻ ቀኑን እንደምራለን።

በዚያው ምሳሌ እንሞክረው። ነሐሴ 10 ቀን 2016፦ 2016 × 365 ሲሆን 735,840። 2016 ÷ 4 ሲሆን 504። 12 × 30 ሲሆን 360። ቀኑ 10። ድምሩ 736,714። መስከረም 10 ቀን 2017፦ 736,205 እና 504 እና 30 እና 10፣ ድምሩ 736,749። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ስንቀንስ 35። በጣታችን የቆጠርነው ወጣ። ይህን በኤክሴል አንድ ጊዜ ከጻፍነው ለሁልጊዜ ይሠራል። ኮምፒውተር የሌላት እህት በስልኳ ማስሊያ ታደርገዋለች። ቅጣት ተጽፎባት ያላመነችበት አባል ራሷ ቤቷ ቁጭ ብላ ልታጣራው ትችላለች ማለት ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር የስማችን አጻጻፍ ነው። ፀሐይ የሚለውን ስም አስቡት። በፀሐዩ ፀ ወይም በጸሎቱ ጸ ይጻፋል፤ ቀጥሎ በሃሌታው ሀ፣ በሐመሩ ሐ ወይም በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል። ይህ ብቻ 6 አጻጻፍ ይሆናል። እኛ ሁሉንም አንድ አድርገን እናነባለን፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር ያለው ሌላ ፊደል ነው። በሳምንት 50 ብር የምትቆጥብ አባል በ12 ሳምንት 600 ብር አላት። ጸሐፊዋ 8ቱን ሳምንት «ፀሐይ»፣ 4ቱን ሳምንት «ጸሀይ» ብላ ብትመዘግብ ኮምፒውተሩ አንዷን ሴት ሁለት ያደርጋታል። ለአንዷ 400፣ ለሌላዋ 200 ብር ይጽፋል። ብድር በቁጠባ ልክ የሚሰጥ ከሆነ እህታችን ከሚገባት በታች ትበደራለች፤ ለምን እንደሆነም አታውቅም። መፍትሔው ለእያንዳንዳችን የአባልነት ቁጥር መስጠት ነው። ድምሩ የሚሠራው በቁጥሩ ይሁን፤ ስማችን ከጎኑ እንደወደድን ይጻፍ።

ስለ ፊደል ካነሳሁ አንድ ልጨምር። በድሮ ኮምፒውተር የተጻፈ የአማርኛ ደብዳቤ ስትከፍቱ የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት የተቀላቀለበት ነገር ይመጣባችኋል። ፋይሉ አልተበላሸም። ቀደም ሲል የነበሩት የአማርኛ መጻፊያዎች የእኛን ፊደል የሚያስቀምጡት በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር፤ ያ መጻፊያ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ የሚታየው ከሥር ያለው ላቲን ነው። ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል የራሱን ቦታ ሰጥቶታል። ዊንዶውስም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለ የአማርኛ ፊደል ይዞ መጥቷል። ዛሬ በስልካችን የምንጽፈው አማርኛ በሌላ ሰው ስልክም ኮምፒውተርም የሚነበበው ለዚህ ነው። የድሮውን ሰነድ አትጣሉት። የተጻፈበት ፊደል የተጫነበት ኮምፒውተር ካለ ይነበባል፤ ዋና ዋናውን በዩኒኮድ እንደገና መጻፍ ነው።

አሁን ወደ መብራትና ወደ ፍላሽ ልምጣ። መብራት ሲሄድ ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ወዲያው ይዘጋል፤ ዴስክቶፕማ ባትሪም የለው። ኤክሴል ለመጠባበቂያ የሚሆን ቅጂ በየ10 ደቂቃው በራሱ ይይዛል፤ በመሃሉ የጻፋችሁት ግን ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አንድ መስመር በጻፋችሁ ቁጥር ኮንትሮል የሚለውን ተጭናችሁ ኤስን ንኩ። ይህ እንደ ማማሰል ነው፤ እጅ ከለመደው አይረሳም። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑን ከዲቫይደሩ ንቀሉት፤ ሲመጣ በኃይል ሊመጣ ይችላልና ትንሽ ቆይታችሁ ሰኩት። ዩፒኤስ ያላችሁ ደግሞ፣ እሱ የሚሰጣችሁ ደቂቃ ሥራችሁን አስቀምጣችሁ የምትዘጉበት እንጂ የምትቀጥሉበት አይደለም። ሌዘር ፕሪንተር አትሰኩበት፤ ብዙ ኃይል በአንዴ ስለሚስብ አይችለውም።

ፍላሽ ስትገዙ 64 ጊጋ ተብሎ ኮምፒውተሩ ላይ 59 ገደማ ቢያሳያችሁ ሻጩን አትጣሉት። ፋብሪካው አንድ ጊጋ የሚለው 1,000,000,000 ነው፤ ዊንዶውስ አንድ ጊጋ የሚለው 1,073,741,824 ነው። መስፈሪያው ስለሚለያይ እንጂ የጎደለ ነገር የለም። መጠንቀቅ ያለባችሁ በርካሽ ዋጋ ትልቅ ቁጥር ከተጻፈበት ነው። እንዲህ ያለው አንዳንዱ ኮምፒውተሩን ራሱን ያታልላል፤ የተጻፈበትን ያህል መጠን ያሳያል፣ ከእውነተኛው መጠኑ በላይ የጫናችሁበት ግን መልሶ አይከፈትም። ምስክሩ መሙላትና የመጨረሻዎቹን ፋይሎች መልሶ ከፍቶ ማየት ነው።

ፍላሻችሁን አንድ ቦታ ሰክታችሁ ስትመለሱ ፋይሎቹ ሁሉ ቀስት ያለበት ምልክት ሆነው ካገኛችኋቸው አትደንግጡ፤ ቀስቱንም አትክፈቱት፤ ሲከፈት ነው የሚዛመተው። ይህ ሾርትከት የሚባለው ቫይረስ ነው። ብዙውን ጊዜ እውነተኛዎቹን ፋይሎች አላጠፋቸውም፤ ደብቋቸዋል። «የተደበቁ ፋይሎችን አሳየኝ» ብላችሁ የምታምኑትን ሰው ጠይቁ። ፎርማት የመጨረሻው መንገድ ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ጥገና ቤት ስትሄዱ ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ያዙ፦ «ወንድሜ፣ ፎርማት ከማድረግህ በፊት ውስጡ ያለውን ወደ ሌላ ገልብጠህ እዚሁ ክፈትና አሳየኝ።» ሃርድ ዲስኩ ይቀየር ከተባላችሁም አሮጌውን ተቀብላችሁ ሂዱ። የልጅ ፎቶ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የውል ወረቀት ያለው እዚያ ላይ ነው። ኮምፒውተሩን ገንዘብ ስናገኝ ሌላ እንገዛለን፤ ውስጡ የነበረውን የሚሸጥልን ግን የለም።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። በአንድ ፍላሽ ብቻ ያለ ጽሑፍ ግን ገና አልተወረሰም። ስለዚህ በማኅበራችን እንዲህ እንድናደርግ ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ደብተሩም ኮምፒውተሩም አብረው ይሂዱ። በየስብሰባው ሁለቱ ድምሮች ይነጻጸሩ። ልዩነት ካለ ተጣርቶ እስኪታወቅ ድረስ የምናምነው የተፈረመበትን ደብተር ይሁን።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ በ3 ቦታ ይቀመጥ። አንዱ በኮምፒውተሩ፣ አንዱ በሊቀመንበሯ ዘንድ በሚቀመጥ ፍላሽ፣ አንዱ ከዚህ ግቢ ውጭ በሌላ አባል ቤት። ስብሰባ ሲያበቃም የዕለቱ ገጽ በ2 አባላት ስልክ ፎቶ ይነሳ። ስማርት ስልክ ያለን ይህን ለማድረግ ምንም ተጨማሪ ወጪ የለብንም።

ሦስተኛ፣ የገንዘብ ሣጥናችን 3 ቁልፍ ያለውና ቁልፎቹም በ3 ሴቶች እጅ ያሉት በመተማመን ጉድለት አይደለም፤ መተማመኑ እንዲቆይ ነው። ኮምፒውተሩም እንደዚሁ ይሁን። የይለፍ ቃሉን አንድ ሰው ብቻ አይወቀው፤ መዝገቡን መክፈትና ማንበብ የሚችሉ ቢያንስ 3 አባላት ይኑሩ። እኔ ብታመም፣ ብወልድ ወይም ሥራ ቀይሬ ሌላ ከተማ ብሄድ፣ የ50 ብራችሁ ታሪክ ከእኔ ጋር ሊሄድ አይገባም። «እሷ ታውቀዋለች» የሚባል መዝገብ የማኅበር መዝገብ አይደለም።

እናቶቼ፣ በተለይ ለእናንተ አንድ ቃል አለኝ። «እኛ አልተማርንም፣ ይህ የእናንተ የልጆቹ ነው» ስትሉ እሰማለሁ። እናንተ ግን በቃላችሁ የ20 ሰው ዕቁብ ስትይዙ የኖራችሁ ናችሁ። ማን በየትኛው ሳምንት እንደወሰደ፣ ማን እንደቀረባት ያለ ወረቀት ትናገራላችሁ። ኮምፒውተሩ ያወጣው ቁጥር ጆሮአችሁን ከቆረቆረው «ቆይ፣ ይህ አልሆነም» በሉ። ያን ጊዜ ማሽኑን እንፈትሸዋለን። 354 ቀን የሚለውን ቁጥር በመጀመሪያ የምትይዘው ኤክሴል የምታውቀው አይደለችም፤ ነሐሴና መስከረም ጎረቤት መሆናቸውን የምታውቀው ናት።

በመጪው ቅዳሜ ከስብሰባው በኋላ ላፕቶፕ ይዤ እዚሁ እቆያለሁ። እያንዳንዳችሁ የቁጠባ ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ፣ የአባልነት ቁጥራችሁና ድምራችሁ ትክክል መሆኑን በዓይናችሁ አይታችሁ ትፈርማላችሁ። ማንበብ የሚያስቸግራት እናት የምታምናትን አባል ይዛ ትምጣ፤ እኔ አነብላታለሁ፣ ያቺ አባል ታረጋግጣለች።

 ጥያቄ ካለ ቡናው እስኪደርስ ጊዜ አለን።